ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፦ ስለ አልኮል መጠጥ ሥርጭትና ቁጥጥር የተላኩ ጥያቄዎች

ባለፉት ሳምንታት ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አልኮል መጠጥ ንግድ የሚያወሱ ነበሩ። ጸሐፊዎቹ ነጋዴም፣ ተቆጣጣሪም፣ ወላጅም ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚያማርሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ በወረቀት ላይ የተጻፈው ደንብና ጠርሙሱ በእውነት የሚሄድበት መንገድ አለመገናኘታቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዣዥሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለኝ የመጠጥ ቸርቻሪ ነኝ። ዕቃ የምረከበው ከጅምላ አከፋፋይ በደረሰኝ ሲሆን፣ ጠርሙሶቹ ሁሉ ታክስ መከፈሉን የሚያሳየው የኤክሳይዝ ቴምብር አላቸው። ይሁንና ከሱቄ ፊት ለፊት ያው መጠጥ፣ በዚያው ጠርሙስ፣ ቴምብሩም ሳይቀር ተለጥፎበት፣ እኔ ከተረከብኩበት ዋጋ በታች ይሸጣል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለምን እንደሚወደድብኝ የሚጠይቁኝን ደንበኞችስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የእርስዎን ደብዳቤ ያስቀደምነው የችግሩን ሥር ስለሚነካ ነው። በብዙ አገሮች በጠንካራ መጠጥ ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ ታክስ መጠጡን ለማምረት ከወጣው ወጪ ይበልጣል። ስለዚህ ታክሱን የዘለለ ሰው ከእርስዎ በታች ሸጦም ከእርስዎ በላይ ያተርፋል። የሚዘለልባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ፊት ለፊትዎ ያለው ጠርሙስ የመጣው በየትኛው እንደሆነ ማወቅዎ ለደንበኛዎ የሚሰጡትን መልስ ይለውጠዋል።

የመጀመሪያው መጠጡ እውነተኛ፣ ታክሱ ያልተከፈለ ሲሆን ነው። ኤክሳይዝ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው መጠጡ በተመረተበት ቀን ሳይሆን ከፋብሪካው ወይም ከቦንድ መጋዘኑ (ታክስ ያልተከፈለበት ዕቃ በቁጥጥር ሥር ከሚቀመጥበት መጋዘን) ለፍጆታ በሚወጣበት ዕለት ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ወይም ወደ ሌላ የቦንድ መጋዘን የሚዛወር ጭነት ታክሱ ሳይከፈልበት ይጓዛል። አጭበርባሪው የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው፤ ጭነቱ ድንበሩን በወረቀት ብቻ ይሻገርና በአካል እዚያው አገር ውስጥ ይራገፋል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለመድፈን ከ2011 ጀምሮ ታክስ ያልተከፈለበትን መጠጥ የሚያጅበውን የወረቀት ሰነድ አስቀርቶ፣ ላኪው በኮምፒዩተር የሚያስመዘግበውና ተቀባዩ መረከቡን የሚያረጋግጥበት ሥርዓት አስገዳጅ አደረገ። አጭበርባሪዎቹ ግን ብዙ አልተቸገሩም። ለአንድ ጭነት የተሰጠውን የምዝገባ ቁጥር፣ የጉዞው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ የጭነት መኪና መጠቀም ጀመሩ። መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ የሚያየው ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ መኪናው ግን መዝገቡ የሚያውቀው መኪና አይደለም።

ሁለተኛው ጠርሙሱ እውነተኛ ሆኖ በውስጡ ያለው ሌላ ሲሆን ነው። ከየመጠጥ ቤቱ ባዶ ጠርሙስ እየለቀመ የሚገዛ ሰው አይተው ከሆነ፣ የሚገዛው መስታወቱን ብቻ አለመሆኑን ያስቡበት፤ የስም ወረቀቱን፣ ክዳኑን፣ አንዳንዴም ሳይቀደድ የተላጠ ቴምብሩን ጭምር ነው። ሦስተኛው ከጠርሙሱ እስከ ቴምብሩ ሁሉም የተቀዳ ሲሆን ነው፤ ይህ ማተሚያ ማሽንና ገንዘብ ስለሚጠይቅ ከሁለተኛው ይልቅ በተደራጁ ሰዎች የሚሠራ ነው።

ለመለየት የሚከተለውን ይሞክሩ። ከአንድ ካርቶን ሁለት ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያቁሙ። በፋብሪካ የተሞላ መጠጥ አንገቱ ላይ የሚደርስበት ከፍታ አንድ ነው፤ በእጅ የተሞላው አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይበልጣል ወይም ያንሳል። ከዚያ ጠርሙሱን አዙረው በፈሳሹ ውስጥ አሳልፈው የስም ወረቀቱን ጀርባ ይመልከቱ፤ ማሽን የቀባው ሙጫ ቀጥ ያሉና እኩል የተራራቁ መስመሮችን ይተዋል፣ በእጅ የተቀባው የተዝረከረከ ነው። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው ሲገለብጡት የሚንሳፈፍ ብናኝ ካለ አይቀበሉት። የቴምብሮቹን ተከታታይ ቁጥር ያነጻጽሩ፤ እውነተኛ ቴምብር እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ የተቀዳው ግን አንዱን ቁጥር በመቶ ጠርሙስ ላይ ይደግመዋል። ሰነፍ አጭበርባሪ ከታታሪው ስለሚበዛ፣ ይህች የመጨረሻዋ ምርመራ ከተጠበቀው በላይ ትይዛለች።

ቴምብሩን በስልክ የሚያጣሩ ሥርዓቶችም አሉ። ኬንያ ከ2013 ጀምሮ የኤክሳይዝ ቴምብሮችን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ትከታተላለች፤ ሸማቹም ‘ሶማ ሌብል’ በተባለ የስልክ መተግበሪያ የጠርሙሱን ቴምብር ማጣራት ይችላል። ሩሲያ ደግሞ በ2006 የአልኮል ምርትን ከፋብሪካ ጀምሮ የሚመዘግብ አገር አቀፍ ሥርዓት ዘርግታለች። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ቴምብር የሚመሰክረው ስለ ታክሱ እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ፈሳሽ አይደለም። ለደንበኞችዎም ሊነግሯቸው የሚገባው ይህንኑ ነው፦ ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ታክስ የተሸሸበት ብቻ ከሆነ የተጎዳው ግምጃ ቤቱና እርስዎ ናችሁ፤ እንደገና የተሞላ ከሆነ ግን የሚጎዳው ጠጪው ነው፤ በዋጋው ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

እርስዎም የሚጠበቅብዎ ነገር አለ። ሱቅዎ ውስጥ የሚከማቸውን ባዶ ጠርሙስ፣ ለፋብሪካው የሚመለስ ካልሆነ፣ የስም ወረቀቱን ቀደው ክዳኑን ለብቻው ይጣሉ። የሚረከቡትን የእያንዳንዱን ካርቶን የምርት መለያ ቁጥርም በደረሰኙ ጀርባ ይጻፉ። አንድ ቀን አንድ ምርት ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል፣ ይህን የጻፈ ቸርቻሪ የሚመልሰው ሦስት ካርቶን ነው፤ ያልጻፈው መደርደሪያውን በሙሉ ያራግፋል።

ጥያቄ፦ መጠጡን በማንኪያ አድርጎ በእሳት በማቃጠል ሜታኖል እንዳለበት ማወቅ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይቻልም፤ ይህን አምነው የጠጡ ሰዎች ሊሞቱ ይችላሉ። መርዛማው አልኮል ሜታኖልና ሰው የሚጠጣው ኢታኖል የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ሲቃጠል ነበልባሉ አስተማማኝ ልዩነት አያሳይም። በማሽተትም በመቅመስም መለየት አይቻልም።

ሜታኖል ራሱ ከሚያደርሰው ይልቅ ጉበት ሲፈጨው የሚወጣው ፎርሚክ አሲድ ነው ዓይንንና ሕይወትን የሚያጠፋው። ይህም ጊዜ ይወስዳል፤ ሰውየው እንደ ማንኛውም ጠጪ ሞቅ ብሎት ይተኛና፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ማስታወክ፣ የትንፋሽ መፍጠን ይጀምረዋል፤ ዓይኑም በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ እንደሚያይ ይጋረዳል። ‘ስካሩ አልለቀቀውም’ ተብሎ ቤት እንዲተኛ የሚደረገው በዚህ ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ መድረስ ያለበት ግን ሆስፒታል ነው። ፎሜፒዞል የተባለ መድኃኒት፣ እሱ ከሌለም በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ኢታኖል፣ ከኩላሊት እጥበት ጋር ብዙዎችን አትርፏል፤ ቶሎ ለደረሱት።

ሜታኖሉ ወደ መጠጥ የሚገባበትን መንገድ በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። በጅምላ ሰው የሚገድሉት መርዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በቤት ውስጥ ከተጠነሰሰ እህል ወይም ፍራፍሬ ሳይሆን፣ ለፋብሪካ ሥራ ተመርቶ ከመንገድ ከተሰረቀ ወይም ሆን ተብሎ ከተቀላቀለ አልኮል ነው። በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ ሜታኖል የተቀላቀለባቸው መጠጦች በሐሰተኛ የስም ወረቀት ገበያ ገብተው በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲሞቱ፣ መንግሥት በመስከረም ወር 20 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሽያጭ በመላው አገሪቱ አገደ። እገዳው የተነሣው አዲስ የሚሸጠው ጠርሙስ ሁሉ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰነድ እንዲኖረው ከተደነገገ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ በሩሲያዋ ኢርኩትስክ ከ70 በላይ ሰዎች የሞቱት መጠጥ ቤት ገብተው አይደለም፤ የጠጡት ለገላ መታጠቢያ የሚሸጥ፣ በመጠጥ ሕግ ያልተያዘና ስለዚህም ርካሽ የነበረ ሎሽን ነው። የመጠጥ ሕግ የሚያረቅ ሰው የመዋቢያና የጽዳት ዕቃ መደርደሪያውንም መመልከት እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ጥያቄ፦ የምግብ ቤት ባለቤት ነኝ። ፋብሪካው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ነገር ግን ሕጉ ከአከፋፋይ እንጂ ከፋብሪካው እንዳልገዛ ይከለክለኛል። አከፋፋዩ ደግሞ የምፈልገውን መጠጥ ለማግኘት የማልፈልገውን አብሬ እንድወስድ ያስገድደኛል። መሃል ያለው ሰው ጥቅሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ሕጉም ምክንያት አለው። ምክንያቱን ለመረዳት በዩናይትድ ስቴትስ አልኮል በሕገ መንግሥት ከመከልከሉ በፊት ወደነበሩት መጠጥ ቤቶች መሄድ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ በአንድ ጠማቂ ገንዘብ የተከፈቱ ነበሩ፤ ጠማቂው የቤቱን ኪራይ፣ ወንበሩን፣ ብርጭቆውን ያቀርብና ባለቤቱ የእሱን ቢራ ብቻ፣ በተቻለ መጠን አብዝቶ እንዲሸጥ ይጠብቅበታል። ዕዳ ያለበት ሻጭ ለሰከረ ሰው ‘ይብቃህ’ ለማለት አይደፍርም። ክልከላው በ1933 ሲነሣ አብዛኞቹ ግዛቶች አምራቹን፣ አከፋፋዩንና ቸርቻሪውን በሕግ የለያዩት ይህ እንዳይደገም ነው። ለመንግሥትም የሚመች ሆነ፤ ከሺህ መጠጥ ቤት ታክስ ከመሰብሰብ ከጥቂት ጅምላ አከፋፋዮች መሰብሰብ ይቀላል።

እንቅፋቱ፣ አምራቹ ቸርቻሪውን ሲጫን የነበረውን ጫና አከፋፋዩ ሊወርሰው መቻሉ ነው፤ የእርስዎም ጉዳይ ይኸው ነው። ብሪታንያ በ1989 ትልልቅ ጠማቂዎች በውል ያሰሯቸውን መጠጥ ቤቶች ቁጥር በሕግ ስትቀንስ፣ ቤቶቹን ጠቅልለው የገዙት አዳዲስ ኩባንያዎች ሆኑ፤ ባለመጠጥ ቤቱም ከጠማቂው ውል ወጥቶ ወደ አከራዩ ውል ገባ። ከዚህ የምንማረው የደረጃዎቹ ቁጥር ብቻውን የሚወስነው ነገር አለመኖሩን ነው፤ የሚወስነው በደረጃዎቹ መካከል የሚደረገው ውል መታየቱ ነው። በአስገዳጅነት አጣምሮ መሸጥ በብዙ አገሮች የንግድ ውድድር ሕግ የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። ስለዚህ አቤቱታዎን ለመጠጥ ፈቃድ ሰጪው ብቻ ሳይሆን ለውድድርና ሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣን ያቅርቡ፤ በቃል የተነገረዎትን ሁኔታም በጽሑፍ ማዘዣ ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ። አከፋፋዩ ‘ካልወሰድክ አልሰጥህም’ የሚለውን በስልክ ይናገር ይሆናል እንጂ በደብዳቤ ለመጻፍ አይቸኩልም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የተመደብኩ የፈቃድ ተቆጣጣሪ ነኝ። መመሪያችን መጠጥ መሸጫ ከትምህርት ቤት የተወሰነ ሜትር ይራቅ ይላል፤ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ግን አይናገርም። ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዤ ስሄድ ባለቤቱ የእግረኛውን ጠመዝማዛ መንገድ ተከትለህ ለካ አለኝ። በመዝጊያ ሰዓትም እንዲሁ እንከራከራለን። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ባለቤቱ ያነሣው ክርክር ሞኝነት እንዳይመስልዎ፤ በሕንድ አገር አቀፍ ጉዳይ ሆኖ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2016 በሰጠው ውሳኔ ከዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች በ500 ሜትር ውስጥ አልኮል እንዳይሸጥ አዘዘ፤ ትእዛዙም ሚያዝያ 1 ቀን 2017 በሥራ ላይ ዋለ፤ ለአነስተኛ ከተሞች ርቀቱ ወደ 220 ሜትር ዝቅ ተደርጓል። ዓላማው ጠጥቶ መንዳትን መቀነስ ነበር። በኬረላ ግዛት አንድ መጠጥ ቤት ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ከበሩ ፊት ባለው ባዶ መሬት ላይ እንደ ቤተ ሙከራ አይጥ መንገድ የሚጠማዘዝ አጥር ሠርቶ፣ ደንበኛው ሁለት መቶ ምናምን ሜትር ዞሮ እንዲገባ አደረገ። አንዳንድ የግዛት መንግሥታት ደግሞ ገቢው እንዳይቀርባቸው መንገዱን ከአውራ ጎዳናነት ሰርዘው የከተማ መንገድ አሉት። ርቀት የሚለካበትን መነሻና መድረሻ ያልጻፈ ሕግ፣ አጥር ለሚሠራ ሰው ሥራ ይፈጥራል።

ስለዚህ የበላይ አካልዎ በመመሪያው ላይ እንዲጨምር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ መለኪያው ቀጥታ መስመር ነው ወይስ የእግር መንገድ፣ ከሕንፃው ግድግዳ ነው ወይስ ከግቢው አጥር፣ ትምህርት ቤቱ ከመጠጥ ቤቱ በኋላ የተከፈተ ከሆነ ማን ይነሣል። እኛ ቀጥታ መስመርን፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ እንመርጣለን፤ ካርታ ላይ በማስመሪያ ሊረጋገጥ ስለሚችልና ተቆጣጣሪውንና ባለቤቱን መንገድ ላይ ስለማያጨቃጭቅ። መመሪያው እስኪስተካከል ድረስ ግን ሁለቱንም ለክተው ሁለቱንም በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ፤ አንዱን ብቻ ከጻፉ ይግባኙ በእርስዎ ላይ ይመጣል።

ስለ መዝጊያ ሰዓት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ መረጃው የጠራ ስለሆነ። በአውስትራሊያዋ ኒውካስል በ2008 መጠጥ ቤቶች ቀደም ብለው እንዲዘጉና ከሌሊቱ የተወሰነ ሰዓት በኋላ አዲስ ደንበኛ እንዳያስገቡ ሲደረግ፣ በሌሊት የሚፈጸመው ድብደባ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። ልዩነት የሚያመጣው ግን በሩ በእርግጥ ሲዘጋ ነው፤ ከውስጥ ተቆልፎ መብራት አጥፍቶ መሸጥ ከጀመረ እርስዎም የሚያዩት የተዘጋ በር ይሆናል።

ደብዳቤዎ የፈቃድ ክፍያውን ከፍ ማድረግ ይረዳ እንደሆነም ይጠይቃል። እንግሊዝ በ1736 ጂን የተባለውን ጠንካራ መጠጥ ለሚቸረችር ሰው የ50 ፓውንድ ዓመታዊ ፈቃድ ደነገገች፤ ያን ጊዜ ይህ ለተራ ነጋዴ የማይታሰብ ገንዘብ ነበር። ፈቃድ ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ መሸጡ ግን አልቆመም። ጠቋሚዎች ሽልማት ስለተመደበላቸው ጥቆማው በዛ፤ ሕዝቡም ጠቋሚዎቹን በየመንገዱ ይደበድብ ጀመር። በለንደን አንድ ሻጭ ግድግዳው ላይ የድመት ምስል ሰቅሎ፣ ገዢው ሳንቲሙን በድመቷ አፍ ሲከት ከመዳፏ ሥር በወጣች ቱቦ ጂን ይቀዳለት ነበር። ሻጩ ስለማይታይ ማንም ሊመሰክርበት አልቻለም። ፓርላማው በ1743 ሕጉን ለውጦ ክፍያውን አወረደው። ፈቃድ ማለት መጀመሪያ ነገር ማን የት እንደሚሸጥ የማወቂያ መዝገብ ነው፤ ሰዎች ሊያወጡት የማይችሉት ፈቃድ ያንን መዝገብ ባዶ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ በስልክ መተግበሪያ አዝዞ ቤታችን በር ድረስ መጠጥ መጣለት። ሱቅ ቢሄድ ኖሮ አይሸጡለትም ነበር። ኃላፊነቱ የማን ነው?

መልስ፦ ለእናትነት ድንጋጤዎ የሚመጥን ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ብንችል ደስ ባለን፤ ሆኖም ሕጎቹ የተጻፉት ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲተያዩ በነበረበት ዘመን በመሆኑ ኃላፊነቱ በሦስት ሰዎች መካከል ይንከባለላል፦ መተግበሪያውን በሚያንቀሳቅሰው፣ መጠጡን በሰጠው ሱቅና ባደረሰው ሰው። መተግበሪያው ‘ዕድሜዬ ሞልቷል’ የሚለውን ሣጥን ልጅዎ ምልክት ስላደረገበት ተጠይቋል ይላል። ሱቁ ገዢውን አላየሁም ይላል። አድራሹ የሚከፈለው ባደረሰው ዕቃ ቁጥር ነው፤ በር ላይ መታወቂያ ጠይቆ ጠርሙሱን ይዞ ቢመለስ የዚያን ጉዞ ገንዘብ ያጣል፣ ምናልባትም ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። እንግዲህ ሕግ የሚያስከብረው የመጨረሻው ሰው፣ ሕጉን በማስከበሩ የሚቀጣው እሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ የማድረሻ ድርጅት ‘ዕድሜ እናጣራለን’ ሲልዎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ አድራሹ መጠጡን ይዞ ሲመለስ ይከፈለዋል? መልሱ ‘አይከፈለውም’ ከሆነ ማጣሪያው የለም። አቤቱታ ሲያቀርቡም የትእዛዙን ቁጥርና የደረሰበትን ሰዓት ከልጅዎ ስልክ ፎቶ አንሥተው ያያይዙ፤ ይህ ማስረጃ ከሱቅ ሽያጭ ይልቅ የሚሻልበት ነገር ቢኖር ሁሉም በጽሑፍ መኖሩ ነው። የዕድሜው ወለል ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በስዊድን መጠጥ ቤት ለ18 ዓመት ሰው ሲሸጥ፣ ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን ለቤት የሚሸጠው የመንግሥት መደብር ግን 20 ዓመት ያልሞላውን አያስተናግድም። ጠርሙስ ይዞ የሚሄድ ወጣት ለማን እንደሚያካፍለው አይታወቅም የሚል አሳብ አለበት፤ ለእርስዎም ጉዳይ የሚሠራ አሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ከሚመጣ ለምን ጭራሽ አይከለከልም? አካባቢያችን ላይ ይህንኑ የሚጠይቅ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው፤ ልፈርም ወይስ ልተው?

መልስ፦ ክልከላ ምንም አያመጣም የሚለውን የተለመደ መልስ አንሰጥዎትም፤ ትክክል ስላልሆነ። ደቡብ አፍሪካ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የአልኮል ሽያጭን ስታግድ በሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍል የሚገቡ ቁስለኞች ቁጥር በግልጽ ቀንሷል። በሶቪየት ኅብረት መሪው ጎርባቾቭ በግንቦት 1985 የጀመሩት ፀረ አልኮል ዘመቻ ክልከላ ባይሆንም ወደዚያ የቀረበ ነበር፤ በሩሲያ የወንዶች አማካይ ዕድሜ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ ጨመረ። እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም።

ጥያቄው ትርፉ ምን ያህል ይቆያል፣ ከሥሩስ ምን ይበቅላል የሚለው ነው። በሶቪየት ኅብረት ሰዉ በቤቱ ከስኳር አረቄ ሲያወጣ ስኳር ከመደብር ጠፋ፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከቮድካ ያገኝ የነበረው ገቢ ጎደለ፤ ዘመቻው ሲላላ ያገኙት ዕድሜ ተመልሶ ሄደ። በዩናይትድ ስቴትስ ከጥር 1920 እስከ ታኅሣሥ 1933 በቆየው ክልከላ፣ መንግሥት ራሱ የፋብሪካ አልኮል እንዳይጠጣ ሜታኖል እንዲጨመርበት ያዝዝ ነበር፤ አልኮሉ ተሰርቆ መጠጥ ሆኖ ሲሸጥ ሰዎች ሞቱ። የሕንዷ ቢሀር በሚያዝያ 2016 ሙሉ ክልከላ አውጃ፣ በታኅሣሥ 2022 በሳራን ወረዳ ብቻ ከ70 በላይ ሰዎች በተመረዘ መጠጥ አልቀዋል። አይስላንድ ደግሞ በ1915 የጀመረችውን ክልከላ በ1922 ለወይን ያነሣችው፣ ስፔን ‘ወይኔን ካልገዛችሁ ዓሣችሁን አልገዛም’ ስላለቻት ነው። ቢራ ግን እስከ መጋቢት 1 ቀን 1989 ተከልክሎ ቆየ፤ ቮድካ በተፈቀደበት አገር ቢራ መከልከሉን ዛሬም አይስላንዳውያን ራሳቸው እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

በመሃል ያሉ መንገዶች አሉ። ስኮትላንድ በግንቦት 2018 አንድ የአልኮል መለኪያ፣ ማለትም 8 ግራም ንጹሕ አልኮል፣ ከ50 ፔንስ በታች እንዳይሸጥ ደነገገች፤ በመስከረም 2024 መጨረሻ ይህን የዋጋ ወለል ወደ 65 ፔንስ ከፍ አደረገች። ጥናቶች በአልኮል ብቻ ምክንያት የሚከሰተው ሞት ይጠበቅ ከነበረው 13 በመቶ ገደማ ማነሱን ገምተዋል። እንከን አለበት፤ የጨመረው ገንዘብ ለመንግሥት ሳይሆን ለሻጩ ኪስ ነው የሚገባው፣ በሱስ የተያዙ ድሆችም ከምግባቸው ቀንሰው መግዛታቸው ተመዝግቧል። ከሁሉ በላይ ግን ይህ የሚሠራው አብዛኛው መጠጥ በታወቀ ሱቅ፣ በሚታይ ዋጋ ሲሸጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ዘገባ በዓለም ከሚጠጣው አልኮል ሩቡ ያህል በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ መሆኑን ገምቷል። መጠጡ ከመዝገብ ውጭ በሆነበት ቦታ ዋጋን ከፍ ማድረግም፣ መከልከልም፣ ገዢውን የሚገፋው ወደዚያው ነው።

ልፈርም ወይ ላሉት፣ እኛ ብንሆን አንፈርምም። ፊርማ ሰብሳቢዎቹን ግን አናባርራቸውም፤ ፈቃዶች እንዲቀነሱ፣ መዝጊያ ሰዓት እንዲቀድም፣ ባዶ ጠርሙስ እንደገና እየሞሉ የሚሸጡ እንዲያዙ የሚል ጥያቄ ይዘው ቢመጡ እንፈርምላቸዋለን። ክልከላ ነው የምንፈልገው ብለው ከጸኑ ደግሞ፣ የሚወረሰው መጠጥ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚደፋው ይጠይቋቸው። በቢሀር ክልከላው በታወጀ በሁለተኛው ዓመት ከፖሊስ ጣቢያ መጋዘኖች ብዙ መጠጥ ጠፍቶ ሲገኝ፣ ፖሊሶቹ ለአለቆቻቸው የሰጡት መልስ አይጦች ጠጥተውታል የሚል ነበር። ስለዚህ በማመልከቻችሁ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ የተወረሰ መጠጥ በተወረሰበት ዕለት በሊትር ተለክቶ፣ ናሙናው ተወስዶ፣ ቀሪው በሦስት ቀን ውስጥ ከነዋሪዎች የተመረጡ ምስክሮች ባሉበት ይደፋ፤ ባዶ ጠርሙሱም እዚያው ይሰበር።